ጨፌውን የያዘው ኖራ

ድሬዳዋ ውስጥ ኖራን የማይረግም ቤተሰብ የለም። ውሃችን ከኖራ ድንጋይ ሆድ ስለሚወጣ ማንቆርቆሪያው ዓመት ሳይሞላው ውስጡ እንደተለሰነ ግድግዳ ይነጣል፤ ቧንቧው ይጠባል፤ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም። የእኔ ደግሞ እንጀራዬ ራሱ ኖራ ነው። በአንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ገብቼ ዕድሜዬን የፈጀሁት ብረት ላይ የጋገረ ኖራ በመዶሻና በመፋቂያ ሳነሳ ነው። ባለቤቴ "አንተ ሰው፣ መቃብርህንም ሳትፍቀው አትገባም" ትለኛለች። ስለዚህ ስለ ኖራ ደግ ነገር ልጽፍ መነሳቴን የሥራ ጓደኞቼ ቢሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ።

የሄድኩት ልጄን ይዤ ልመለስ ነበር። ጽጌ የመጀመሪያ ልጃችን ናት። አስተማሪ ሆና ከአምቦ ወዲያ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደበች፤ እዚያው ቶለራ የሚባል ግንበኛ አገባች፤ ከዚያ ወዲህ ለክረምት እንኳ መምጣት ተወች። ጥቅምት ሲገባ እናቷ ቆረጠች። "ይዘሃት ና" አለችኝ፤ "ዝውውር ትጠይቅ፤ እዚህም የሚማር ልጅ ሞልቷል።" አንድ ካርቶን ብርቱካን ሞልታ በሲባጎ አሰረችልኝ። እኔም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን አውጥቼ፣ ከኪሴ የማትለየውን ትንሿን መዶሻዬን እንደያዝኩ ተነሳሁ።

እሑድ

ስለ ባቡሩ ብዙ አልጽፍም፤ ድሬዳዋ ላደገ ሰው ባቡር ጎረቤት ነው። አዋሽን ስናልፍ መስኮት ዘጋን፤ ናዝሬት ላይ ሹራብ ለበስን፤ አዲስ አበባ ስንገባ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። አንድ የዘመድ ቤት አደርኩ። ብርቱካኑን አይተው "ለእኛ ነው?" ሲሉኝ ሦስት አራት አውጥቼ ሰጠሁና ካርቶኑን መልሼ አሰርኩ። ያ ሁለተኛው ቋጠሮ እንደ ሚስቴ ቋጠሮ አልጠበቀም፤ በኋላ ዋጋዬን አገኘሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ሆለታን፣ ቀጥሎም አዲስ ዓለምን አለፈ። ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ጤፉ ጀመረ። የእኛ መሬት አሸዋ ነው፤ ዝናብ ቢወርድበት ውሎ አያድርም። ይህ ጥቁር መሬት ግን በክረምቱ የጠጣውን ገና በየቦዩ ይዞ ተኝቷል። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ስመለከት አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ "ጋሼ፣ ውሃ አይተው አያውቁም እንዴ?" አለኝ።

"እንዲህ የተቀመጠ አላየሁም" አልኩት። "የእኛ ውሃ መንገደኛ ነው። ይመጣል፣ ያገኘውን ይጠርጋል፣ ይሄዳል።"

ሳቀና ስሙን ነገረኝ። ሸምሱ ይባላል፤ ትውልዱ ስልጤ ነው፤ አምቦ ላይ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ ይሸጣል። ድሬዳዋ ማለቴን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። ለካ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ለሸቀጥ እኛው ዘንድ ይመጣል፤ ሰፈሬንም ያውቃል። ከዚያ በኋላ የጋራ ዘመድ እንደተገኘ ያህል ሆንን።

ጊንጪ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫውን ለማውረድ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዕቃውን ሲያገላብጥ የእኔ ካርቶን ወደቀ፤ ሲባጎው ተፈታ፤ ብርቱካኑ ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ገበያው ተንከባለለ። እኔ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እህል የሚሸጡት ሴቶች ከተቀመጡበት ተነስተው በቀሚሳቸው እየሰበሰቡ አመጡልኝ። ጭቃውን እየጠረጉ፣ አንድ በአንድ። የጠፋው ጥቂት ነው፤ አንዱን ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ዓይኔ እያየ በላው። ለሴቶቹ አንዳንድ ልስጥ ብል እምቢ አሉ፤ "ለሰው የተላከ ነው" አለችኝ አንዷ። እኛ ገበያ ቢሆን ኖሮ ፈረሱም ሰዉም እኩል ይካፈለው ነበር ብዬ አስቤ አፈርኩ።

አምቦ የደረስነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሸምሱ "ማረፊያ አይፈልጉ፤ ቤት አለ" ብሎ ካርቶኔን አንስቶ ቀደመኝ። ባለቤቱ ቆጮና ጎመን በአይብ አቀረበችልን። ውሃ ሲቀዳልኝ ምላሴን ነዘረኝ። ከከተማው ምንጭ በጀሪካን የመጣ ነው፤ እኛ በጠርሙስ ገዝተን ለእንግዳ የምናቀርበውን እነሱ በማሰሮ ይጠጡታል። ግማሹን ጠጥቼ ብርጭቆውን ራስጌዬ አኖርኩት።

ማክሰኞ

ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ውሃ ሞቷል፤ አይነዝርም። ጠርዙ ላይ ግን ስስ ነጭ ቀለበት ተለጥፏል። ቦይለር ቤት የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ኖራ ውሃ ውስጥ ሳይታይ የሚኖረው ያ የሚነዝረው ጋዝ አብሮት እስካለ ነው። ጋዙ ሲወጣ ኖራው የሚይዘው ያጣና ካገኘው ነገር ላይ ይቀመጣል። እኛ ዘንድ ጋዙን የሚያስወጣው እሳት ነው። ጠላቴን እዚህም በማግኘቴ አመሌ ተነሳና ማንቆርቆሪያቸውን ተቀብዬ በረንዳ ላይ ፍቄ መለስኩላቸው። የሸምሱ ሚስት "እንግዳ ዕቃ ሲያጥብ ዛሬ አየሁ" ብላ እስክትታክት ሳቀች።

ጉደር በጭነት መኪና ወረድኩ። አማቼ ቶለራ እዚያ አጥር እየገነባ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለና ካርቶኑን ትከሻው ላይ አወጣ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው በኩል በእግር ሄድን። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ አንዴ ወንዝ ውስጥ። ቶለራ ሳይስቅ አነሳኝ፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወገቡ በታች ነጭ የሆነ ገደል ታየ። እግሩ ሥር ምንጭ ይፈልቃል፤ ከምንጩ በታች ሜዳው ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይወርዳል፤ ከደረጃዎቹ ትልቁ ጨፌ ነው። ጨፌ ማለት ዓመቱን ሙሉ ውሃ የማይለየው፣ ሣርና ቄጠማ የሚበቅልበት፣ በጋ ላይ ከብት የሚድንበት ረግረግ ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ነበር። ስንቀርብ ግን መሐሉ ተሰነጣጥቋል፤ ቄጠማው ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ገና ባለቀ ማግሥት፣ ባዶ ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"አፈሰሰ" አለኝ ቶለራ።

ጽጌ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጣች። ከስታለች፤ ጠቁራለች፤ አምሮባታል። አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ለእናቷ የገባሁት ቃል ደረቴ ውስጥ ሞቀኝ። የቶለራ እናት አደ ጉዲቱ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ። በሐረርጌው ኦሮምኛችን ሰላምታ ስሰጣቸው ፈገግ አሉ፤ የእኔ አነጋገር ለጆሯቸው እንደ መንገደኛ ግመል እንግዳ ሳይሆንባቸው አልቀረም። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮና እርጎ አቀረቡልን። ብርቱካኑን ደግሞ ልጣጩን ሳይቀር አሸተቱት።

ከእራት በፊት ጽጌ ውጭ ወስዳ ነገሩን ነገረችኝ። ጨፌው ከሁለት ክረምት ወዲህ ውሃ አልያዘም። የገበሬ ማኅበሩ ጥር ላይ መጥቶ ያየዋል። ያኔ ደረቅ ከሆነ ለወል እርሻ ይታረሳል፤ ዳሩ ላይ ያሉት ቤቶች ፈርሰው ሰዉ መንገድ ዳር ወደተቀየሰው አዲስ መንደር ይሄዳል። ውሃ ከያዘ ለከብቱ ይቀራል፤ እነሱም ይቀራሉ።

"ቢደርቅ እናንተስ?" አልኳት።

"ከብት ከሌለ እዚህ ምን ይዞን። ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ቶለራም ግንበኛ ነው፣ ድሬ ሥራ አያጣም።" ቀና ብላ አየችኝ። "እማዬ ደስ ይላታል፣ አይደል?"

አዎ አልኩ። እውነቴን ነው፤ እኔም ደስ አለኝ። አደ ጉዲቱ እርጎ ሊጨምሩልኝ ሲጠሩኝ ግን ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ።

ረቡዕ

ቶለራ ጨፌው የሚያፈስበትን አሳየኝ። የጨፌው የታችኛው ዳር ሰው የካበው የሚመስል የድንጋይ ጠርዝ ነው፤ እነሱ ከንፈር ይሉታል። ከፍታው ደረቴ ይደርሳል። ማንም አልካበውም፤ ከአባቶቻቸው በፊትም ነበር። ውሃው ድሮ ሞልቶ በዚህ ከንፈር ላይ በስሱ ይፈስ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የክረምት ጎርፍ አንድ በር የሚያህል ቦታ ገመሰው። ቶለራ ደመወዙን አጠራቅሞ ሲሚንቶ ገዛና ደፈነው። ሲሚንቶው እስካሁን ጭረት የለውም፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ውሃው ግን ከጎኑ ሌላ መንገድ ከፍቶ ሄዷል። ልጁ ያንን ግንብ ሲያይ የሚያሳየው ፊት የሚያሳዝን ነው።

ከንፈሩ ላይ ኖራ እንደ ልብስ ተደርቧል። እኔ ማሰብ ሳልጀምር እጄ መዶሻዬን አውጥቶ መታው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ስባሪ እግሬ ሥር ወደቀ። ከኋላዬ የነበሩት አደ ጉዲቱ ጩኸታቸውን ለቀቁት። "ኦቦ መኮንን! ያለው አልበቃ ብሎ እርስዎም ይሰብሩታል?" ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መዶሻዬን ለጽጌ አስረከብኩ፤ ቀኑን ሙሉም አልመለሰችልኝም።

ስባሪውን ግን ኪሴ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ ጽጌ ትምህርት ቤት፣ ቶለራ ሥራ ላይ ሳሉ ጥላ ሥር ተቀምጬ አገላበጥኩት። ድንጋዩ ድፍን አይደለም፤ እንደ መኮሮኒ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ሁሉ የቄጠማ አገዳ የነበረበት ነው፤ ቄጠማው በስብሶ ወጥቶ የለበሰው ኖራ ቀርቷል። አንዱ ገጽ ላይ የአኻያ ቅጠል ከነጅማቱ ታትሟል። በመካከሉ ደግሞ እንደ ስፖንጅ የተጠላለፈ አለ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ነው። የላይኛው ንጣፍ ላይ ግን ምንም የለም። ልሙጥ፣ ስስ፣ የሞተ ኖራ ነው።

አደ ጉዲቱን "ከንፈሩ ላይ ድሮ ምን ይበቅል ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ቂማቸውን ገና አልጨረሱም ነበር፤ ቢሆንም መለሱልኝ። ከንፈሩ ከዳር ዳር አረንጓዴ ሽበት ነበረው። ክረምት ሲወጣ ሴቶች ቄጠማ አጭደው፣ አኻያ ቆርጠው፣ ከንፈሩ ላይ እየደረደሩ ያመሰግኑ ነበር። ከብቱም በዚያው ቀን ጨፌው ውስጥ ይነዳል። ከጥቂት ዓመት በፊት ከከተማ ለዘመቻ የመጡ ወጣቶች ይህ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብለው አስቀሩት። የሚጠጣው ውሃ እንዲጠራም ሽበቱን በብሩሽ ፍቀው አነሱት። "ክፉ ልጆች አልነበሩም" አሉኝ አደ ጉዲቱ፤ "ከእኛ ጋር ነው የበሉት፤ ደክመው ነው የፋቁት።"

እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉ ነገር ገባኝ። ከንፈሩን የሠራው ኖራ ብቻ አይደለም። ውሃው ሽበቱ ላይ ሲበተን ጋዙ ይወጣል፤ ሽበቱም ራሱ ከጋዙ ይመገባል፤ ኖራው እዚያው አረንጓዴው ላይ ይቀመጣል። አረንጓዴው እንዳይቀበር ወደ ላይ ያድጋል፤ ኖራው ይከተለዋል። እንዲህ እየተከታተሉ ነው ግድቡ ከፍ ያለው፤ ረግረጉ የቆመው፤ ቄጠማው የበቀለው። ቄጠማው ደግሞ ተመልሶ ለከንፈሩ ይታጨዳል። ሽበቱ ሲፋቅ ከንፈሩ ማደግ አቆመ፤ ስስ ሆኖ ቀረና ጎርፉ ገመሰው። እነዚያ ወጣቶችና እኔ አንድ ሥራ ነው ያለን። ፍቀን እናጠራለን።

ክፋቱ፣ መፍትሔውም ገባኝ። ስባሪውን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እንግዳ ነኝ። ጥር ይመጣል፤ ጨፌው ይታረሳል፤ ልጄ ድሬዳዋ ትገባለች። ሚስቴ በሩን ስትከፍት የምታሳየው ፊት ታየኝ። ጽጌ ከትምህርት ቤት ስትመለስ "ምን ሆነህ ነው አባዬ?" አለችኝ። "ብርዱ ነው" አልኳት።

ሐሙስ

ጠዋት አደ ጉዲቱ እርጎ ይዘውልኝ መጡ። ድሮ ላሞቹ ከጨፌው ሲጠጡ እርጎ ከዚህ ቤት አይጠፋም ነበር፤ አሁን ግን ለእንግዳ ብቻ የቀረ ነው። የልጆች ድርሻ እንደሆነ ያወቅኩት የቶለራ ወንድም ልጆች ባዶ ጽዋ ሲልሱ አይቼ ነው። ጠጥቼ ጨረስኩና "ቶለራን ጥሩልኝ፤ የማኅበሩንም ሊቀመንበር" አልኩ።

ሊቀመንበሩ ኦቦ ነገራ አጭር፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ስባሪውን እያሳየሁ ያወቅኩትን ነገርኳቸው። ሲሚንቶ ውሃን ይገፋል፤ ውሃውም ጎኑን ፈልጎ ያልፋል። አኻያና ከነአፈሩ የተቆረጠ ሣር በከፈተው ቀዳዳ ብንሞላ ግን ውሃው በመሐሉ ሲያጣራ ኖራውን እዚያው ይተዋል፤ ራሱ ይደፍነዋል። ይሳካ አይሳካ አላውቅም አልኩ፤ ቦይለር እንጂ ጨፌ ሠርቼ አላውቅም።

"ቄጠማ መደርደሩ የድሮው ነገር አይሆንም?" አሉ ኦቦ ነገራ።

"ሥራ ነው" አልኳቸው።

አሰቡና "እንግዲያው ሥራ ከሆነ ይሠራ። እኔ ጥር ላይ የማየው ውሃውን ነው" ብለው ኮታቸውን አወለቁ።

አደ ጉዲቱ ግን በእኔ አባባል አልተስማሙም። "ኦቦ መኮንን፣ እኛ ቄጠማውን ድንጋይ ይሁን ብለን አላስቀመጥንም። ምስጋና ነው። ድንጋይ ካደረገው እሱ የውሃው ጉዳይ ነው።"

ቶለራ የመጀመሪያውን አኻያ ቆረጠ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ቅርንጫፉን ጠልፈን ቀዳዳው ውስጥ አጨቅን፤ ከላዩ ሣሩን ከነአፈሩ ደረደርን፤ ከዚያ የቀሩትን ከብቶች ነዳንበት። ሲረግጡት ጭቃው በየቅርንጫፉ መሐል ገባ። እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጫማዬ ተውጦ ቀረ፤ እስካሁን እዚያው ነው። ቶለራ ያን ጊዜ ሳቀ። በመጨረሻ ሴቶቹ ቄጠማውን ከንፈሩ ላይ ከዳር ዳር ደረደሩት፤ አደ ጉዲቱ በቀስታ የሆነ ነገር ይሉ ነበር፤ ኦቦ ነገራ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጠበቁ።

ጽጌ አንድ ቀጭን አኻያ ቆርጣ የከንፈሩ ጫፍ ላይ፣ ደረቁ ቦታ፣ በብርቱካኑ ካርቶን ሲባጎ አሰረችው። "ውሃው እዚህ የሚደርሰው ጨፌው ሞልቶ በከንፈሩ ላይ ሲፈስ ብቻ ነው" አለችኝ።

ዓርብ

እስከ ጉደር ልጄ ሸኘችኝ። የቶለራን የጎማ ጫማ አድርጌ እየተንሸራተትኩ ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ቆመች።

"እማዬ ይዘሃት ና ብላህ ነው፤ አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ነገርካቸው?"

ብዙ መልስ ነበረኝ፤ የወጣው ይሄ ነው፦ "ድሬ ነው ያደግኩት ልጄ። ውሃ በከንቱ ሲፈስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።" አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ጉደር ስንደርስ መኪናው መጣ። መዶሻዬን ከቦርሳዋ አውጥታ መለሰችልኝ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። "ጥር ላይ ይታወቃል" አልኳት፤ የቀረውንም ነገርኳት። ተቆጣች። ጥር አለፈ። የካቲትም መጋቢትም አለፉ፤ ወሬ የለም። ሚስቴ የጽጌን አልጋ አዲስ አንሶላ አለበሰችው።

ሚያዝያ ላይ ሸምሱ ለሸቀጥ መጣ። ሻይ ሳይጠጣ ከሻንጣው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። "ጽጌ ናት፤ ምንም አትበል፣ ስጠው ብቻ ብላኛለች።"

ፈታሁት። ከነሲባጎው ያ ቀጭን አኻያ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ኖራ ለብሷል፤ የሲባጎው ቋጠሮ እንኳ ድንጋይ ሆኗል።

ጥፍሬ በአመሉ ሊፍቀው ሄደና መለስኩት። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምንድን ነው? ትመጣለች?" አለችኝ።

"አትመጣም" አልኳትና ቅርንጫፉን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።